ኮክስ 1፣ ኮክስ 2 ወይስ ኮክስ 4? የማይቶኮንድሪያ አንቲቦዲ ከማዘዛችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የማስተርስ ተማሪ በቴሌግራም ሦስት ስክሪንሾት ላከችልኝ። ሦስቱም የአንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ ይዞ የሚያሳይ መሣሪያ፣ መሸጫ ገጾች ናቸው። ሦስቱም ላይ "ኮምፕሌክስ 4" ተብሎ ተጽፏል። ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ከሥሩ እንዲህ የሚል መልእክት አለ፦ "ጋሼ፣ የቱን ልዘዝ? ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው።"

"መጀመሪያ ምን ማየት እንደፈለግሽ ንገሪኝ" አልኳት።

"ፕሮቲኑን ነዋ!"

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሦስቱ ገጾች የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ፕሮቲኖች ነው። አንዱ ኮክስ 1ን ይይዛል፣ ሌላው ኮክስ 2ን፣ ሦስተኛው ኮክስ 4ን። ሁሉም የአንድ ኢንዛይም ክፍሎች ናቸው። የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። ይኸው ጥያቄ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ስለሚደርሰኝ፣ ለእሷ የነገርኳትን ሰብሰብ አድርጌ እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ኢንዛይሙ ምን ዓይነት ነው?

ኮምፕሌክስ 4 የማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ የትንፈሳ ሰንሰለት የመጨረሻው ኤሌክትሮን ተቀባይ ኢንዛይም ነው። ሙሉ ስሙ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ ነው፤ "ኮክስ" የሚለው አጭር ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በሰንሰለቱ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ እዚህ ይደርሳሉ። ኮምፕሌክስ 4 ለኦክስጅን ያስረክባቸዋል፤ ውሃ ይሆናል። የምንስበው አየር መድረሻው እዚያ ነው።

በሰው ላይ ኢንዛይሙ ከ14 ፕሮቲኖች ይገጣጠማል። ለረጅም ጊዜ 13 ነበር የሚባለው። 14ኛው ኤንዲዩኤፍኤ4 የሚባል ሲሆን፣ የኮምፕሌክስ 1 አካል ነው ተብሎ ስም ወጥቶለት ነበር። በ2012 ነው ቤቱ ኮምፕሌክስ 4 መሆኑ የታየው። ስሙ ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ ስም ብቻ አይታችሁ አንቲቦዲ አትግዙ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ለምርጫው ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ሦስቱ ትልልቆቹ፣ ማለትም ኮክስ 1፣ 2 እና 3፣ የሚሠሩት እዚያው ማይቶኮንድሪያው ውስጥ፣ ከማይቶኮንድሪያው ከራሱ ዲኤንኤ ነው። ይህ ዲኤንኤ 16,569 ፊደል ብቻ አለው። በ1981 ካምብሪጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ተነብቧል፤ የሚያስገኘውም 13 ፕሮቲን ነው። ኮክስ 4ን ጨምሮ የተቀሩት የኮምፕሌክስ 4 ክፍሎች መመሪያቸው ኒውክሊየስ ውስጥ ነው ያለው። ከማይቶኮንድሪያው ውጭ ተሠርተው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ተማሪዋ የምታጠናው ሊኔዞሊድን ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ የባክቴሪያውን የፕሮቲን ማምረቻ፣ ራይቦዞሙን፣ ያግዳል። የማይቶኮንድሪያ ራይቦዞም ደግሞ ከባክቴሪያው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የታካሚውንም ማይቶኮንድሪያ ይነካል። የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስ፣ አንዳንዴም በደም ውስጥ የላክቲክ አሲድ መከማቸት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። እሷ ማየት የፈለገችው ሕዋሱ መድኃኒቱን ሲያገኝ ማይቶኮንድሪያው ፕሮቲን መሥራት ያቆም እንደሆነ ነው።

አሁን ጥያቄው ታወቀ። እስቲ ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

ኮክስ 1፦ ትክክለኛው፣ ግን አስቸጋሪው

ለእሷ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ኮክስ 1 ነው። የሚሠራው ማይቶኮንድሪያው ውስጥ ስለሆነ ራይቦዞሙ ሲታገድ እሱ ይቀንሳል። የኢንዛይሙ እምብርትም እሱ ነው፤ ኦክስጅን የሚያዘው እዚህ ፕሮቲን ላይ ነው። ካታሎግ ውስጥ "ኤምቲ-ሲኦ1" በሚለው የጂን ስሙ ፈልጉት።

ሁለት ጠባዮቹን ግን ቀድማችሁ እወቁ።

አንደኛው በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም ፕሮቲኖች ጄል ላይ በክብደት ተለይተው በአንቲቦዲ በሚታዩበት ዘዴ፣ ባንዱ (የፕሮቲኑ መስመር) የሚወጣበት ቦታ ነው። በስሌት 57 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ነው። ጄል ላይ ግን ከ35 እስከ 40 አካባቢ ይወርዳል። ፕሮቲኑ ሽፋኑን 12 ጊዜ አቋርጦ የሚመላለስ፣ ቅባት የሚወድ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች የጄሉን ሳሙና አብዝተው ይሸከማሉ፤ ቅርጻቸውም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ስለዚህ ከክብደታቸው ይልቅ ፈጠን ብለው ይሮጣሉ። 57 ላይ ባንድ ሲጠብቅ ያጣ ሰው አንቲቦዲውን ሊጥለው ይችላል።

ሁለተኛው ጠባይ እኔን ራሴን ጉድ ሠርቶኛል። ለዌስተርን ብሎት ናሙና ስናዘጋጅ ሁላችንም የለመድነው 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ ማፍላት ነው። ኮክስ 1 ሲፈላ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ወደ ጄሉ በቅጡ አይገባም። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። በመድኃኒት የታከሙትን ሕዋሳት ናሙና በአንድ ቀን፣ ያልታከሙትን በሌላ ቀን አዘጋጀሁ። ያልታከሙትን ያዘጋጀሁ ቀን ማሞቂያው ተይዞ ስለነበር 37 ዲግሪ ላይ አቆየኋቸው። የታከሙትን ግን ችኩል ብዬ አፈላኋቸው። ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱ ኮክስ 1ን ድራሹን አጥፍቶታል! ሁለት ሳምንት ሙሉ በደስታ ሰከርኩ። ለአለቃዬ ግራፍ ሁሉ ሠርቼ ነበር። ደግሜ ስሠራው ባንዱ እንደ ጀግና ቁጭ ብሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ለኮክስ 1 ናሙናውን አታፍሉ። 37 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከ50 ዲግሪ በላይ አትውጡ። ሁሉንም ናሙና ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሙቀት አዘጋጁ።

ኮክስ 2፦ ስሙ የሚያሳስተው

ኮክስ 2 ለዚሁ ጥያቄ ሁለተኛ አማራጭ ነው። እሱም ከማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው የሚመጣው። ክብደቱ ወደ 25 ኪሎዳልተን ነው፤ ሽፋኑን የሚያቋርጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከኮክስ 1 ይልቅ ገር ነው። በሰው ሕዋስ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደህና ምርጫ ነው። አይጥ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ግን ልብ በሉ። ለሰው የተሠሩ አንዳንድ የኮክስ 2 አንቲቦዲዎች የአይጡን አያዩም። ዳታሺቱ (የዕቃው መግለጫ ወረቀት) ላይ የእንስሳው ስም በግልጽ ተጽፎ ካላገኛችሁ ተዉት።

ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራው ስሙ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ግን መልአክ አይመስለኝም። "ኮክስ-2" ብላችሁ ስትፈልጉ በብዛት የሚመጣላችሁ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ 2 ነው። ይሄ ከእብጠትና ከሕመም ጋር የተያያዘ፣ ከማይቶኮንድሪያው ኢንዛይም ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ ኢንዛይም ነው። እንደ ሴሌኮክሲብ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የሚያግዱት እሱን ነው። አንድ ወዳጄ ይህንኑ አዘዘ። ስድስት ሳምንት ጠበቀ። ዕቃው መጣ፤ ብሎቱን ሠራ፤ 25 ላይ ምንም የለም፤ 70 አካባቢ ግን ወፍራም ባንድ አለ። ሦስት ጊዜ ደገመው። በአራተኛው የብልቃጡን ወረቀት አነበበው። የዛሬ ስንት ዓመት የሆነ ነገር ነው፤ እስካሁን "እንዴት ነው፣ ራስ ምታቱ ተሻለህ?" እንለዋለን።

መፍትሔው ቀላል ነው። በተለመደው ስም ሳይሆን በጂን ስም ፈልጉ። የማይቶኮንድሪያው "ኤምቲ-ሲኦ2" ነው። የእብጠቱ "ፒቲጂኤስ2" ነው። ኮክስ 1ም ተመሳሳይ ሞክሼ አለው፤ የእሱ "ፒቲጂኤስ1" ይባላል።

ኮክስ 4፦ ሁሉ የሚወደው

ኮክስ 4 ትንሽ ነው፤ 17 ኪሎዳልተን ገደማ። ብታፈሉትም ግድ የለውም። ባንዱ ጥርት ያለ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይም የማይቶኮንድሪያውን መረብ ውብ አድርጎ ያወጣዋል። ጥሩ ጥሩ አንቲቦዲም በብዛት አለው። ለዚህ ነው ብዙ ላቦች የማይቶኮንድሪያ ምልክት አድርገው የያዙት።

ለተማሪዋ ግን አይሆንም። ኮክስ 4 ከኒውክሊየስ ነው የሚመጣው። የማይቶኮንድሪያው ራይቦዞም ሲታገድ የእሱ ሥራ በቀጥታ አይቋረጥም። ኮምፕሌክሱ ሳይገጣጠም ሲቀር ተከትሎ ሊቀንስ ይችላል፤ መጠኑና ጊዜው ግን ከኮክስ 1 ይለያል። በኮክስ 4 የሊኔዞሊድን ጉዳት መለካት በጎረቤት ጭስ የራስን ወጥ መቃጠል እንደ ማወቅ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ኮክስ 4ን የጭነት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም እኩል መጫናችንን የምናረጋግጥበት ባንድ ያደርገዋል። የምታጠኑት ራሱን ኮምፕሌክስ 4ን ከሆነ ይሄ ልክ አይደለም። ሚዛኑም ዕቃውም አንድ ሆነ ማለት ነው። ለማይቶኮንድሪያ መጠን ሌሎች የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲኖችን፣ ማለትም ቪዳክን፣ ቶም20ን ወይም ሲትሬት ሲንቴዝን ተጠቀሙ። አክቲን የሚነግራችሁ ስለ ጠቅላላው ሕዋስ ብቻ ነው።

ኮክስ 4 ሁለት ዓይነት እንዳለውም ልጨምር። 1ኛው በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ይገኛል። 2ኛው በሳንባ ይበዛል፤ ኦክስጅን ሲያንስም ይጨምራል። ሳንባ ላይ ወይም የኦክስጅን እጥረት ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንቲቦዲው የትኛውን እንደሚይዝ ጠይቁ። ለሌላው ሰው ብዙም አያስጨንቅም።

ነጠላ ወይስ ኮክቴል?

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አምስት አንቲቦዲ በአንድ ብልቃጥ የተደባለቀበት ዕቃ አለ። ከአምስቱ ኮምፕሌክሶች አንድ አንድ ፕሮቲን ይይዛል። ከኮምፕሌክስ 5 ኤቲፒ5ኤን፣ 55 አካባቢ። ከ3 ዩኪውሲአርሲ2ን፣ 48 ላይ። ከ2 ኤስዲኤችቢን፣ 30 ላይ። ከ1 ኤንዲዩኤፍቢ8ን፣ 20 ላይ። ኮምፕሌክስ 4ን በተመለከተ ግን ለሰውና ለአይጥ የሚሸጡት ይለያያሉ። ለአይጥ የሚሆነው ኮክስ 1ን ይይዛል፤ ለሰው ከወጡት መካከል በኮክስ 2 የሚሠራ አለ። ስለዚህ የሰውና የአይጥ ውጤት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ ዓይነት ነገር እያነጻጸራችሁ ላይሆን ይችላል።

ኮክቴሉ ሲያምር ያምራል። በአንድ ብሎት አምስት ባንድ መሰላል ይመስላል። የፕሮቲኖቹ ምርጫም በብልሃት ነው። ለምሳሌ ኤንዲዩኤፍቢ8 ኮምፕሌክስ 1 በትክክል ሳይገጣጠም ሲቀር ቶሎ የሚፈርስ ነው። ስለዚህ የእሱ መቀነስ የኮምፕሌክሱን መጓደል ይጠቁማል።

ችግሩ የባንዶቹ ጉልበት እኩል አለመሆኑ ነው። ፎቶ ስታነሡ የኤቲፒ5ኤው ባንድ በሰኮንዶች ውስጥ ይጠቁራል። የኤንዲዩኤፍቢ8ው ግን ገና ጥላ ነው። እሱ እስኪታይ ስትጠብቁ የላይኛው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት እጥፍ ፕሮቲን ቢኖርም ባይኖርም ተመሳሳይ ጥቁር ነው። ከአንድ ፎቶ አምስቱንም የለካ ሰው የላይኞቹን ቁጥሮች ፈጠራቸው እንጂ አልለካቸውም። አጭርም ረጅምም ፎቶ አንሡ፤ እያንዳንዱን ባንድ ካልጠገበበት ፎቶ ላይ ለኩ። ኮክስ 1 ያለበት ኮክቴል ከሆነ ያለማፍላቱ ሕግ እዚህም ይሠራል።

የትኛው ኮምፕሌክስ እንደተነካ ጨርሶ ለማታውቁ ሰዎች ኮክቴሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ጥያቄው ለጠራለት ሰው ግን ገንዘቡን ለሁለት ጥሩ ነጠላዎች ቢያውለው ይሻለዋል።

ሞኖክሎናል፣ ፖሊክሎናል፣ ሪኮምቢናንት

ፖሊክሎናል ብዙውን ጊዜ ከጥንቸል ደም ይወሰዳል። ፕሮቲኑን በብዙ ቦታ ስለሚይዝ ድምፁ ጎላ ይላል። ግን ጥንቸሏ ስትሞት ያ አንቲቦዲ አበቃ። የሚቀጥለው ብልቃጥ የሌላ ጥንቸል ነው፤ የካታሎግ ቁጥሩ ያው ሊሆን ይችላል፣ ጠባዩ ግን ሌላ።

ሞኖክሎናልን ኮለርና ሚልስታይን በ1975 ካምብሪጅ ላይ ነው የሠሩት፤ በ1984 ኖቤል አሸለማቸው። የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ የተነበበውም በዚያው ቤተ ሙከራ ነው፤ አንድ ግቢ ሁለቱንም መሣሪያ አበረከተልን። ሞኖክሎናል አንዲት ነጥብ ብቻ ይይዛል፤ ከአንድ የሕዋስ ዘር ስለሚወጣ ከብልቃጥ ብልቃጥ ብዙም አይለዋወጥም። ሪኮምቢናንት ደግሞ የአንቲቦዲው የጂን ቅደም ተከተል ታውቆ በፋብሪካ ሕዋስ የሚመረት ነው። ጥንቸል ብትሞት፣ የሕዋሱ ዘር ቢበላሽ ግድ የለውም።

የቱ ይሻላል? ከሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የወጣ በ2023 የታተመ ጥናት ለ65 የሰው ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን ጎን ለጎን ፈትኗል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ የአጠቃቀም ዓይነት ወድቀዋል። ሪኮምቢናንቶቹ ከሁለቱም ተሽለው ተገኝተዋል። ፕሮቲኖቹ ከነርቭ ሳይንስ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የማይቶኮንድሪያው ገበያ ግን የተለየ ተአምር አለው ብዬ አላምንም። ዋጋው ከተቀራረበ ሪኮምቢናንት ውሰዱ። ለኮክስ 1 ግን ለዓመታት የተፈተነ ጥሩ የአይጥ ሞኖክሎናል ስላለ ሪኮምቢናንት ካላገኘሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ለኮክስ 1 ፖሊክሎናል እኔ አልገዛም።

አንድ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። ያው አንድ ክሎን (ሞኖክሎናሉ የወጣበት የሕዋስ ዘር) በተለያዩ ሻጮች ስም፣ በተለያየ ዋጋና በተለያየ ማሸጊያ ይሸጣል። ዳታሺቱ ላይ የክሎኑን ስም ፈልጉ። ሁለት ሻጮች አንድ ክሎን የሚሸጡ ከሆነ ርካሹን ግዙ። "በሁለት አንቲቦዲ አረጋግጫለሁ" ለማለት ሁለቱን የምትገዙ ከሆነ ግን አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ነው ያቆማችሁት።

ለምን ሥራ?

ብሎት ላይ የሠራ አንቲቦዲ ማይክሮስኮፕ ላይ ላይሠራ ይችላል። ብሎት ላይ ፕሮቲኑ ተዘርግቷል፤ ሕዋስ ውስጥ ግን ተጣጥፎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ኮክስ 1 የሚኖረው በውስጠኛው ሽፋን ስለሆነ አንቲቦዲው እዚያ እስኪደርስ በር መክፈት ያስፈልጋል። ዲጂቶኒን የተባለው ሳሙና በትንሽ መጠን የሕዋሱን የውጭ ሽፋን ብቻ ነው የሚበሳው። ትራይተን የተባለው ሌላው ሳሙና ወደ ውስጥ ያደርሳችኋል።

የጡንቻ ናሙና ላይ ለሚሠሩ ሰዎች አንድ የሚያምር ዘዴ አለ። የማይቶኮንድሪያ በሽታ ያለበት ጡንቻ ላይ አንዱ ክር ጤነኛ፣ ጎረቤቱ የታመመ ይሆናል። ስለዚህ ኤንዲዩኤፍቢ8፣ ኮክስ 1 እና ቪዳክ በአንድ ክር ላይ አብረው መታየት አለባቸው። ሦስቱም የአይጥ ሞኖክሎናል ናቸው። እንዴት ይለያሉ? በንዑስ ዓይነታቸው። አንዱ አይጂጂ1፣ ሌላው አይጂጂ2ኤ፣ ሦስተኛው አይጂጂ2ቢ ከሆነ እያንዳንዱን የሚለይ ባለቀለም ሁለተኛ አንቲቦዲ አለ። ብዙ ሰው ዳታሺት ላይ ዘሎት የሚያልፈው "አይሶታይፕ" የሚል መስመር እዚህ ላይ ገንዘብ ይሆናል። የክሩን ጠርዝ ለማየት ከጥንቸል የመጣ የላሚኒን አንቲቦዲ ይጨመራል።

ፕሮቲኑ መኖሩና መሥራቱ አንድ እንዳልሆነም አትርሱ። አንቲቦዲ የሚያየው መኖሩን ነው። ሥራውን ማየት ከፈለጋችሁ በበረዶ ከተቆረጠ ጡንቻ ላይ የሚሠራው የቆየው የኮክስና ኤስዲኤች ቀለም ዛሬም ይበልጠዋል፤ ኮክስ የጎደለው ክር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።

መቆጣጠሪያው

ለኒውክሊየስ ጂኖች ነገሩ ቀላል ነው። ጂኑ የጠፋበት ሕዋስ (ኖክአውት) ታገኛላችሁ፤ ባንዱ እዚያ ከጠፋ አንቲቦዲው እውነተኛ ነው። ለኮክስ 1 ግን ይህ መንገድ ቀላል አይደለም። ክሪስፐር የተባለው የጂን መቁረጫ የሚመራበትን አርኤንኤ ወደ ማይቶኮንድሪያ ማስገባት አስቸጋሪ ስለሆነ ጂኑን እንደ ልብ መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ "በኖክአውት የተረጋገጠ" የሚል የኮክስ 1 ማስታወቂያ ካያችሁ ቆም በሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ።

በቀላሉ የሚገኘው አማራጭ ሁለት ነው። አንደኛው ሮ-ዜሮ ሕዋስ ይባላል፤ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤው ጨርሶ የጠፋበት። ኪንግና አታርዲ በ1989 ካልቴክ ላይ የሰው ሕዋስ ላይ ሠርተው አሳይተውታል። ሕዋሱ መተንፈስ ስለማይችል ዩሪዲንና ፓይሩቬት እየተሰጠው ይኖራል። ኮክስ 1 እዚያ ላይ ከታየ አንቲቦዲው ይዋሻል። ሁለተኛው አማራጭ በእያንዳንዱ ላብ ሊገኝ የሚችል ነው፤ ዶክሲሳይክሊን ወይም ክሎራምፌኒኮል። ሕዋሱን ለጥቂት ቀናት በእነዚህ ብታቆዩት ኮክስ 1 ይወርዳል፤ ከኒውክሊየስ የሚመጣው የኮምፕሌክስ 2 ክፍል ኤስዲኤችኤ ግን ባለበት ይቆማል። ሁለቱን በአንድ ብሎት ላይ ማየት ማለት አንቲቦዲውንም ሙከራውንም በአንድ ጊዜ መፈተን ነው። ለተማሪዋ ያዘዝኩላት ይህንን ነው።

ገንዘቡና ፍሪጁ

የብልቃጥ ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ስንት ብሎት እንደሚያወጣ አስሉ። 100 ማይክሮሊትር ያለው ብልቃጥ ለ1,000 አንድ ተበርዞ፣ በየብሎቱ 10 ሚሊሊትር ከፈጀ 10 ብሎት ነው። ለ2,000 አንድ ከሠራ፣ ሜምብሬኑንም (ፕሮቲኑ የሚተላለፍበትን ወረቀት) በትንሽ ሳጥን በ5 ሚሊሊትር ብቻ ካቆያችሁት፣ 40 ብሎት ይሆናል። ስለዚህ ውድ የሚመስለው አንዳንዴ ርካሽ ነው። ሁለተኛው አንቲቦዲ ላባችሁ ውስጥ መኖሩንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። የጥንቸል ገዝቶ የአይጥ ሁለተኛ ብቻ ያለው ሰው አጋጥሞኛል።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያዝ ሰው የማቆያው ነገር ከዋጋው እኩል ነው። ዕቃው በመንገድ ላይ ቀናት ሊያድር ይችላል፤ መብራትም ይጠፋል። ግሊሰሮል 50 በመቶ ያለው አንቲቦዲ ከዜሮ በታች 20 ላይ አይረጋም፤ ስለዚህ በመብራት መጥፋትና መምጣት እየቀለጠ እየረጋ አይጎዳም። ያለ ግሊሰሮል የሚመጣውን በመጣበት ቀን በትንንሹ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። በረዶ የማይጋግር (ፍሮስት-ፍሪ) ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ፤ እሱ በየጊዜው ራሱን ያሞቃል።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ቀልድ። ብዙ አንቲቦዲ እንዳይበላሽ ሶዲየም አዛይድ ይጨመርበታል። አዛይድ የሚያግደው ማንን መሰላችሁ? ኮምፕሌክስ 4ን። የኢንዛይሙን ሥራ የምትለኩ ከሆነ ወይም አንቲቦዲውን ሕያው ሕዋስ ላይ የምታፈሱ ከሆነ አዛይድ የሌለበትን ጠይቁ።

ተማሪዋ በመጨረሻ አንድ የኮክስ 1 ሞኖክሎናል አዘዘች። ኤስዲኤችኤውን ከጎረቤት ላብ ለመነች። ዶክሲሳይክሊኑ ፍሪጃቸው ውስጥ ነበር። ዕቃው ከደረሳት ከአሥር ቀን በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። የብሎት ፎቶ ነው። ሊኔዞሊድ ያለበት መስመር ላይ ባንዱ ሳስቷል፤ ዶክሲሳይክሊኑ ላይ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ኤስዲኤችኤው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው።

ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ "ጋሼ፣ 57 ነው የሚለው፣ የእኔ 37 ላይ ነው የወጣው። ተበላሸብኝ እንዴ?"